በቀሚሴ ጠርዝ የሄደው ዋግ

በእኛ ቤት ቀን በቁጥር አይጠራም። አባቴ ዛሬ ስንት ነው ሲባል «አቦ ነው» ወይም «ነገ ገብርኤል ነው» ይላል እንጂ አምስት ወይም አሥራ ዘጠኝ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ከአሰላ መጥታ የኅዳር ልደታ ዕለት የዓለም የሳይንስ ቀን ይከበራል ስትለው፣ የሚስለውን ማጭድ ጭኑ ላይ አድርጎ ቀና ብሎ አያት።

«ከልደታ ጋር ነው የሚውለው?»

«አዎ አጎቴ። በመላው ዓለም ነው የሚከበረው።»

«ታቦት ይወጣል?»

«ታቦት የለውም። የሚከበረው ዕውቀት ነው።»

«ታዲያ ሕዝቡ ማንን አጅቦ ነው የሚመለሰው?»

እሷ ከት ብላ ሳቀች። እኔ አንገቴን ደፍቼ ሳቅኩ። አባቴ ግን የጠየቀው ለቀልድ አልነበረም፤ መልሱን ሲጠብቅ ቆይቶ ሳያገኝ ሲቀር ወደ ማጭዱ ተመለሰ።

የአክስቴ ልጅ አሰላ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች፤ የወጣቶች ማኅበር አባልም ናት። እኔ ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ እናቴ አረፈች፣ ቤቱን ተረክቤ ቀረሁ። በዕድሜ እኩያሞች ነን። እሷ ግን ሰው ፊት ቆማ ትናገራለች፤ እኔ የማላውቀው ሰው ስሜን ቢጠይቀኝ እንኳ ድምፄ ከጉሮሮዬ አይወጣም። በሰፈራችን «ዝምተኛዋ» ይሉኛል። አይከፋኝም፤ እውነታቸውን ነው።

ነሐሴ ላይም የዓለም የወጣቶች ቀን ነው ብላ ይዛኝ ሄዳ ነበር። ከጭላሎ ግርጌ በዝናብ ውስጥ ችግኝ ተከሉ። አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው፣ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሶ፣ እየዘፈኑ ይቆፍሩ ነበር። እኔ ቲሸርቱን መጠየቅ አፍሬ በፎጣዬ እንደተከናነብኩ ችግኝ አቀባይ ሆንኩ። እረፍት ላይ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለችና «አሁን እኛ እዚህ ስንቆፍር ሌላ አገር ያሉ ልጆችም ይችኑ ቀን እያከበሩ ነው። የመሸባቸው አሉ፣ ገና እየነጋባቸው ያሉ አሉ፣ በረዶ ላይ የቆሙም አሉ» አለችኝ።

እኔ ዓለምን የማውቃት ክፍላችን ግድግዳ ላይ በተለጠፈችው፣ ጥጓን አይጥ በበላት ካርታ ነበር። ካርታ ላይ ሰው አይታይም። ያን ቀን ግን ዝናቡ ፊቴ ላይ እየወረደ ካርታዋ ሰው ሞልቷት ታየችኝ፤ ሁሉም እኩዮቼ፣ ሁሉም እጃቸው ጭቃ የሆነ። ቤት ስገባ ለአባቴ ልነግረው ፈለግሁ። ከየት እንደምጀምረው ግን አላወቅሁም።

የኅዳሩ ቀን ሲደርስ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር።

ማሳችን ከቤታችን በታች እስከ ጋሪ መንገዱ ድረስ ይወርዳል። ዝናቡ አስቸግሮን ዘግይተን ስለዘራን፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ስንዴ መንጣት ሲጀምር የእኛና የጎረቤታችን ገና አረንጓዴ ነበር፤ ፍሬውን በጥፍር ሲጫኑት ወተት ይወጣዋል። በጥቅምት መጨረሻ ለጥጃዋ ሣር ላጭድ ወደ ድንበሩ ስወርድ የስንዴው አገዳ ላይ ቀይ ነገር አየሁ። ሰው ቆዳ ላይ እንደሚወጣ ሽፍታ አገዳውን ሰንጥቆ ወጥቷል። ነካሁት። ጣቴ የዛገ ብረት የያዘ መሰለ።

«ዋግ ነው» አለ አባቴ ከኋላዬ። መቼ እንደመጣ አልሰማሁትም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፣ የታመመ ሰው አጠገብ እንደሚወራው። «ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ።»

ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። አባቴ ሀብታም አይደለም፤ በአገሩ የሚታወቀው በስንዴ ዘሩ ነው። ስንዴው ንጹሕ ነው፣ እንክርዳድ የለበትም፣ ፍሬው ይሞላል። ጎረቤቱ ብቻ ሳይሆን ከሳጉሬ ድረስ በአህያ የራሳቸውን ስንዴ ጭነው መጥተው በእሱ ስንዴ ለውጠው የሚሄዱ አሉ። ሰዎች ዘር የሚለውጡበት ሰው መባል ለአባቴ ከሁሉም የሚበልጥ ስም ነው። የመድኃኒት መርጫ በጀርባው አዝሎ ማሳው ውስጥ የታየ ሰው ደግሞ ማሳው መታመሙን ላገር ሁሉ አወጀ ማለት ነው። ያን ሰሞን አባቴ ከጎረቤታችን ጋር ድንበር ላይ ቆሞ ማውራቱን እንኳ ተወ። ጎረቤታችን ኦሮሞ ሽማግሌ ናቸው፤ እኔ ኦቦ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ማሳቸውን ከማሳችን የሚለየው ቀጭን የሣር መስመር ብቻ ነው፤ አጨዳ ላይ ደቦ የምንወጣውም አብረን ነው። አሁን ግን እሳቸው በዚህ በኩል ብቅ ሲሉ አባቴ በዚያ በኩል ይጠፋል።

«ታዲያ ምን ይሻላል አባዬ?» አልኩት።

«ኅዳር ሚካኤል ሲታጠን ይለቀዋል።»

በዚያን ቀን ሰው ሁሉ ደጁን ጠርጎ ጉድፉን ያቃጥላል፤ ድሮ በነፋስ መጥቶ ሰው የፈጀ በሽታ ነበር፣ እሱ እንዳይመለስ ነው። አባቴ ያሰበው ጉድፉን ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ከምሮ ጭሱን በማሳው ላይ መልቀቅ ነበር። ገለባና የባሕር ዛፍ ቅጠል መሰብሰብም ጀምሮ ነበር። እኔ ምን አውቃለሁ። ጭሱ ይደርስለት እንደሆነ ብዬ ዝም አልኩ። በየቀኑ ግን ወርጄ አያለሁ፤ ቀዩ በየቀኑ ሽቅብ ይወጣል።

የአክስቴ ልጅ የሳይንሱን ቀን የነገረችን ዕለት ወደ አሰላ ስትመለስ በር ላይ ቆማ አንድ ነገር ጨመረች። «የሚመጣ ሰው ከማሳው ስንዴ ይዞ ይምጣ ተብሏል። የስንዴ በሽታ የምታጠና ባለሙያ ትኖራለች፤ በማይክሮስኮፕ አይታ ትናገራለች።» አባቴ ማጭዱን መሳል አቆመ።

የልደታ ዕለት ከቅዳሴ ስመለስ አባቴ ከደጅ ቆሞ ጠበቀኝ። በእጁ የስንዴ ዛላ ይዟል። የቆረጠው ነፋሱ ካልደረሰበት ከላይኛው ጥግ ነው፤ አንዱ ከአንዱ የሚበልጥ አይደለም፣ ሁሉም ሙሉ፣ ሁሉም ቀጥ ያሉ። አገዳቸውን አስተካክሎ በቀይ ክር አስሯቸዋል።

«ከእኔ ማሳ ነው በያቸው» አለ። ትንሽ ቆየና «ውሸት አይደለም፤ ከእኔው ማሳ ነው» ብሎ ደገመው።

ነጭ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሴን ሳልቀይር፣ ጤዛው ደርቆ ስለነበር በማሳችን መካከል አቋርጬ ወደ ጋሪው መንገድ ወረድኩ።

በዓሉ አሰላ የወጣቶች ማዕከል ግቢ ውስጥ ነበር። ድንኳን ተተክሏል፣ በሩ ላይ ትልቅ ጽሑፍ ያለበት ጨርቅ ተዘርግቷል፣ ተማሪዎች የሠሩትን ነገር በየጠረጴዛው ላይ ደርድረው ከኋላው ቆመዋል። እኔ ግንቡን ተጠግቼ ልቆም ስል የአክስቴ ልጅ እጄን ይዛ ወደ መካከል ጎተተችኝ። አንዷ ተማሪ ድንች በሰልፍ ደርድራ ሚስማርና መዳብ ሽቦ ሰክታባቸው ነበር። የመጨረሻዎቹን ሽቦዎች ስታገናኛቸው የስንዴ ፍሬ የምታክል መብራት ቦግ አለች። ድንች ነው። እኛ ጆንያ ሙሉ ጓዳ ውስጥ ጨለማ ላይ የምናስቀምጠው ድንች።

«አንቺ፣ ካበራ በኋላ ይበላል?» አሏት አንዲት ባልቴት።

«አይበላም እማማ።»

«እንግዲያስ የእኔ አያብራ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ልጅቷም ሳቀች፤ መብራቷ ግን እንደበራች ነበር። እኔ ከሳቁ መሀል ሆኜ እሷን ብቻ ነበር የማየው። ብዙ ጊዜ ያየሁት ነገር ውስጥ ሳላየው የኖረ ነገር እንዳለ ሳስብ ሰውነቴን ነዘረኝ።

የስንዴው ጠረጴዛ ከድንኳኑ ጥግ ነበር። ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ ነጭ ጋዋኗ ሰፍቷት እጅጌውን ጠቅልላዋለች። ንግግሯ የጎጃም ነው። ፊት ለፊቷ የስንዴ ዛላ ተከምሯል፤ በክር የታሰረ፣ በሪባን የታሰረ፣ አንዱማ በአበባ ታጅቧል። ሁሉም የሚያምር ነው። አንዱን አንስታ ታገላብጣለች፣ ታስቀምጣለች፣ ሌላውን ታነሳለች።

«አንድም የታመመ ስንዴ አጣሁ እኮ» አለች። «እንግዲህ አርሲ ውስጥ ዋግ ጠፍቷል ማለት ነው። እኔም ዕቃዬን ጠቅልዬ ወደ እናቴ ቤት መሄዴ ነው።»

ገበሬዎቹ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ፣ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። አንዱ ኮፍያውን እያስተካከለ «የእኔ እመቤት፣ በዓል ነው ተብለን ነው የመጣነው። ለበዓል የታመመ በሬ ይታረዳል እንዴ?» አላት።

«እውነትዎን ነው» አለች። «ጥፋቱ የእኛ ነው። በዓል ነው ባንል ኖሮ የታመመውን ታመጡልን ነበር።»

ኦቦ ከሰዎቹ መካከል ነበሩ። የእሳቸው ዛላ በአረንጓዴ ክር ታስሯል። እኔን ሲያዩ በአገጫቸው ሰላም አሉኝ። የአባቴን ዛላ ከሌሎቹ ላይ አስቀምጬ ዞር ልል ስል ባለሙያዋ የእኔን ፊት ሳይሆን እግሬን ስታይ አየኋት። እኔም ወደ ታች አየሁ። የነጩ ቀሚሴ ጠርዝ ዙሪያውን ቀልቷል። በሸክላ ዱቄት የታሸ ይመስላል።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ለመጻፍ ይከብደኛል። ሰው መካከል ልብሴ የወለቀ ያህል ነው። በሁለት እጄ ቀሚሴን ጨብጬ ወደ ኋላ ሰበሰብኩት፤ ያ ደግሞ የባሰ አሳየው። ኦቦ አዩ። ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ።

ባለሙያዋ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች። «እህቴ፣ አትነቅንቂው። እንዳይራገፍ» አለችኝ። ከኪሷ ግልጽ ፕላስተር አወጣች፣ ጠርዙን ነካ አደረገችው፣ ፕላስተሩን ጠፍጣፋ ብርጭቆ ላይ ለጠፈችው፣ ብርጭቆውን ከማይክሮስኮፑ ሥር አስገባች። ራሷ ጥቂት አየች። ከዚያ ተነስታ ወንበሯን ለቀቀችልኝ።

«አንቺ እዪው። ያንቺ ነው።»

መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነው። ቀጥሎ ብርሃን ብቻ። «ትንሽ ራቂ፣ አሁን ጠጋ በይ» እያለች ጎኑ ላይ ያለውን ነገር በዝግታ አዞረችው። ድንገት ከብርሃኑ ውስጥ ወጡ።

ዶቃ ነበሩ። እናቶች ለበዓል አንገታቸው ላይ የሚያስሩት ዓይነት፣ ቀላ ያለ ቢጫ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሞላላ። አንዱ በአንዱ ላይ ተከምረዋል፣ አንዳንዱ ብቻውን ወድቋል። እያንዳንዱ ዙሪያውን እሾህ አለው፤ እሾሁ ደግሞ ማንም ቁጭ ብሎ የሠራው ያህል ረድፉን የጠበቀ ነው። ዓይኔን አንስቼ ቀሚሴን አየሁ፤ አቧራ ነው። ተመልሼ ጎነበስኩ፤ ዶቃው እንዳለ ነው። እጄን በእጄ ጠረግሁ። እጄም ላይ አሉ ማለት ነው። የጋሪው ወንበር ላይም፣ የፈረሱ ጀርባ ላይም፣ መንገዱ ላይም።

«ይህ ነው ዋግ?» ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

«ይህ ነው። እያንዳንዱ ሕይወት አለው። አንዱ አገዳ ላይ ካረፈና እርጥበት ካገኘ ይበቅላል፣ ከእሱ ደግሞ ብዙ ይወጣል። ነፋስ ያነሳዋል። ተራራ ያልፋል፣ ባሕር ያልፋል። ከአገር አገር ሲሄድ ማንም አይጠይቀውም።»

የአክስቴ ልጅ ከጎኔ ሆና ስልኳን ከፈተች። የማኅበሩ ልጆች ከሌላ አገር ልጆች ጋር በዚያ ይጻጻፋሉ። «ይችን እያት» አለችኝ። ልክ እንደ እኔ ያለች ልጅ ናት፤ ፀጉሯን በሻሽ ሸፍናለች፣ ከስንዴ ማሳ ውስጥ ቆማለች፣ መዳፏን ዘርግታለች። መዳፏ ቀልቷል። ምን አገር እንደሆነ የአክስቴ ልጅ ነግራኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ጆሮዬ አልያዘውም። ያየሁት መዳፏን ነው። እንደ እኔው ጣቷን ስታይ የዛገ ብረት መስሏት ይሆናል። ምናልባትም አባቷ ከኋላዋ መጥቶ ለማንም እንዳትናገሪ ብሏት ይሆናል።

ባለሙያዋ አጠገቤ ተቀመጠች። «ማሳው ምን ላይ ደርሷል?» አለችኝ።

«ወተት ላይ ነው።»

«እንግዲያ ጊዜ አለው፤ ግን ብዙ አይደለም። ዛሬ ነገ ከተረጨ ብዙው ይተርፋል። ከሰነበተ ግን አገዳው ምግቡን ወደ ፍሬው ማድረስ ያቅተዋል፤ ስታጭዱት ገለባ ይሆናል።» አየችኝ። «የማን ማሳ ነው?»

ሰዎቹ ቀርበው ነበር። ኦቦ ነበሩ፣ ስለ ታመመ በሬ የቀለደው ሰውዬም ነበር። የአባቴ በቀይ ክር የታሰረ ዛላ ጠረጴዛው ላይ ከሁሉም በላይ ተቀምጧል። የአባቴን ስም ብጠራ ዘር የሚለውጠው ሰው ስም ያንኑ ቀን ገበያ ይወርዳል። ዝም ብል ደግሞ ስንዴያችን እስከ ሚካኤል አይቆይም። አፌን ስከፍት የወጣው ያላሰብኩት ነው።

«አባቴ ቢያየው ይሻላል» አልኩ። «ይህን ዕቃ ቤት ድረስ መውሰድ ይቻላል?»

የአክስቴ ልጅ አፏን ከፍታ አየችኝ። ባለሙያዋ ማይክሮስኮፑን ዳሰስ አደረገችው። «በመስታወት ነው የሚሠራው። ፀሐይ ካለ ይሠራል» አለችና ጋዋኗን አወለቀች።

በአንድ ጋሪ ሄድን። ባለሙያዋ የማይክሮስኮፑን ሳጥን ጉልበቷ ላይ አቅፋለች፣ የአክስቴ ልጅ አጠገቧ፣ እኔ ከጠርዙ። ኦቦም ወደ ሰፈራቸው ነበሩና ከጋሪ ነጂው ጎን ተቀመጡ። መንገዱን ሙሉ የፈረሱን ጆሮ ብቻ ያያሉ። እኔ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ስንዴ አያለሁ። ነፋሱ ሲነካው ይተኛል፣ ተመልሶ ይነሳል። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነፋስ ነው። ያን ቀን ግን የተሸከመ ነፋስ ነበር። ምን ያህል እንደተሸከመ፣ ከየት እንዳመጣው፣ ወዴት እንደሚወስደው ሳስብ ዓይኔን ከሰማዩ ማንሳት አቃተኝ።

አባቴ ገለባውን ሲከምር ደረስን። ባለሙያዋን ባየ ጊዜ መንሹን መሬት ላይ ተከለ።

«በበዓል ቀን ሐኪም ታመጪብኛለሽ?» አለኝ፤ እሷን ሰላም ከማለቱ በፊት። ከጋሪው የወረዱትን ኦቦን ሲያይ ደግሞ ፊቱ ጠቆረ። «ኧረ ሰልፍ ነው ያመጣሽው።»

ባለሙያዋ በሁለት እጇ ጨበጠችው። «አባቴ፣ ልጅዎ የማንንም ስም አልጠራችም። እኔ ነኝ ልምጣ ያልኩት። አንድ ነገር ላሳይዎት ነው፤ ካልፈለጉ እመለሳለሁ።»

«እኔ ዓይኔ ደክሟል።»

«ይህ ለደከመ ዓይን ነው የተሠራው።»

በድንበሩ ሣር ላይ፣ የከብት መኖ በምንጭንበት በተገለበጠ ሣጥን ላይ ማይክሮስኮፑን አቆመችው። ከማሳው አንድ አገዳ ቆርጣ ቀዩን ብርጭቆ ላይ ፋቀች፤ መስታወቱን ወደ ፀሐይ አዞረች። አባቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ ነበር። ቆይቶ ኮፍያውን አወለቀ። አንዱን ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ጎነበሰ።

ብዙ ቆየ። ወገቡ የሚያመው ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን አልተነቃነቀም።

«ይንቀሳቀሳል?» አለ ሳይነሳ።

«አይንቀሳቀስም። የሚያንቀሳቅሰው ነፋስ ነው።»

«ሕይወት አለው?»

«አለው አባቴ።»

ቀና አለ፤ አማተበ። «እንዲህ ያማረ ነገር ነው እንጀራዬን የሚበላው?» አለ። ሲቆጣ የማውቀው ድምፁ አልነበረም፣ ሲያዝንም አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ትልቅ ሥዕል ፊት ሲቆም የሚያወጣው ድምፅ ነበር።

ከዚያ ወደ ከመረው ገለባ አየ። «ኅዳር ሲታጠን አይለቀውም?»

ትስቅበታለች ብዬ ፈራሁ። አልሳቀችም። «በሽታ በአየር እንደሚሄድ ያወቁት አባቶች ትልቅ ነገር ነው ያወቁት» አለች። «ይህኛው ግን ጭስ አይገድለውም። እስከዚያም አይጠብቅዎትም። አሁን እያወራን እንኳ እየሄደ ነው።»

ሁላችንም ቀና ብለን አየሩን አየን። ፀሐይ ነበር፣ ሰማይ ነበር፣ ከላይ ጭላሎ ደመናውን ተከናንቧል። ሌላ ምንም አይታይም። ምንም አለመታየቱ ነው ያስፈራኝ፤ ደግሞም፣ እንዴት ብዬ ልናገረው፣ ልቤን ከፍ ያደረገው።

ኦቦ ሳይጠሩ ቀርበው ጎነበሱ። አይተው ሲጨርሱ ከማይክሮስኮፑ ሳይርቁ «ከን ኮስ አከሱማ» አሉ። የእኔም እንደዚሁ ነው ማለታቸው ነበር።

አባቴ ዞሮ አያቸው። «መቼ ጀመረህ?»

«ካንተ በፊት ይሆናል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሸሸኸኝ እኮ። ዋግ ያለብኝ መሆኑን አውቀህ የምትሸሸኝ መስሎኝ ነው።»

የአክስቴ ልጅ ሳቋን ለማፈን ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። አባቴና ኦቦ ግን አልሳቁም፤ ከሣሩ መስመር ግራና ቀኝ ቆመው ሁለቱን ማሳ እንደ አንድ ማሳ ማየት ጀመሩ።

ባለሙያዋ ከመሄዷ በፊት አባቴን ለብቻው አነጋገረችው። እኔ ውኃ አቅርቤ ስለነበር ሰምቻለሁ። «ማሳዎ ሊተርፍ ይችላል» አለችው። «ዘሩ ግን ይህን ዋግ አይችለውም። የሚመጣው ዓመት የሚቋቋም ዘር መፈለግ አለብዎት። ከዚህኛው ለሌላ ሰው ከሰጡ ዋጉን በደንብ የሚቀበል ማሳ ሰጡ ማለት ነው።» አባቴ ውኃውን ሳይጠጣ ያዘው። ማሳው መታመሙን ማመኑ እኮ ቀላሉ ነበር።

በማግስቱ ነፋስ ሳይነሳ ረጩ። ኦቦ መርጫ ነበራቸው፤ መድኃኒቱን የአክስቴ ልጅና የማኅበሩ ልጆች ከከተማ በባጃጅ አድርሰውልን ነበር፣ ከውኃ ጋር አደባለቁንም ባለሙያዋ አሳይታን ሄዳለች። አባቴና ኦቦ ፊታቸውን በጨርቅ ሸፍነው እየተፈራረቁ አዘሉት። ከኦቦ ማሳ ወደ እኛ፣ ከእኛ ወደ ኦቦ። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቆሞ አየ። ከሰዓት በኋላ ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው መጥቶ መርጫውን ተዋሰ፣ በማግስቱም ሌላ።

የታችኛው ጥግ አልተረፈም። ታኅሣሥ ላይ ስናጭደው ዛላው ክብደት የለውም፣ ሲፈለፈል ፍሬው የከሳ ነው። ከመሀል ወደ ላይ ያለው ግን ተረፈ። ጆንያው እንደ ዓምናው ባይሆንም ቤቱን አላሳፈረም። ከላይኛው ጥግ የወጣው ደግሞ እንደ ወትሮው የሚያምር ስንዴ ነበር፤ ለሚያየው ሰው ከአባቴ የዱሮ ዘር በምንም አይለይም። አባቴ ለብቻው አስቀመጠው። ምን እንደሚያደርገው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ሌሎቹ ጎረቤቶች ነገሩን አይተውታል። ሩቅ ያለው ሰው ግን ምንም አላየም።

የሳጉሬው ሰውዬ እንደ ልማዱ ሁለት አህያ ጭኖ መጣ። አባቴ አስገባው፣ አስቀመጠው፤ እኔ ቆሎ አቀረብኩ። ስለ ከብት አወሩ፣ ስለ ገብስ አወሩ፣ የቢራ ገብስ ዘንድሮ ማን እንደዘራ አወሩ። በመጨረሻ ሰውዬው ጥግ ላይ ወዳለው ጆንያ አገጩን ቀሰረ።

«እንግዲህ ፀሐዩ ሳይከር ልስፈርና ልሂድ።»

ከጓዳው በር ቆሜ ነበር። የአባቴን እጅ ነው የማየው። ቆሎውን በመዳፉ ውስጥ ሲያንከባልለው ቆየ።

«ዘንድሮ ዘር የለኝም» አለ።

«ያ ምንድነው ታዲያ?»

«የሚበላ ነው። ለዘር አይሆንም፣ ዋግ አይችልም።»

ሰውዬው ተነሳ፤ ጆንያውን ፈትቶ እፍኝ ዘገነ፣ በጣቱ በተነው፣ አሸተተው። ፈገግ አለ። «ለሌላ ሰው ቃል ገብተህ ነው። ንገረኝ፣ አልቀየምህም። እንዲህ ያለ ስንዴ ዋግ የት ነክቶት ያውቃል?»

«ነክቶታል። እኔ ብነግርህ አታምንም» አለ አባቴ። ወደ እኔ ዞረ። «ቀድማ ያየችው እሷ ናት። እሷ ትንገርህ።»

ሰውዬው ወደ ጓዳው በር አየ። እንግዳ ፊት ከሰላምታ ሌላ ቃል ሳይወጣኝ ነው ያደግኩት፤ እሱም ያውቃል። እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ፣ ወጥቼ ቆምኩ። እንዴት እንደምጀምር ግን ያን ጊዜ አልጠፋኝም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ለራሴ ስነግረው ሰንብቼ ነበርና።

«ዋጉን በጣትዎ ሲነኩት አቧራ ነው አይደል?» አልኩት። «አቧራ አይደለም። እንደ ዶቃ ነው።»

ነገርኩት። ስለ እሾሁ፣ ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ነፋሱ ነገርኩት፤ መዳፏ ስለቀላው፣ አገሯን ስለማላውቃት ልጅ ነገርኩት። ሰውዬው የዘገነውን ስንዴ ወደ ጆንያው ሳይመልሰው በእጁ እንደያዘ ሰማኝ። አባቴም ግድግዳውን ተደግፎ፣ በዓይኑ ያየውን ነገር ገና አሁን እንደሚሰማው ሰው ሆኖ ያዳምጥ ነበር። ስጨርስ ሰውዬው ፍሬውን አንድ በአንድ ወደ ጆንያው አራገፈው።

«ታዲያ አሁን እኔ ማሳ ላይም ይኖር ይሆናል?» አለኝ። አባቴን አልነበረም የጠየቀው፤ እኔን ነበር።

«ማሳው ላይ የቀረውን አገዳ ዝቅ ብለው ይዩ» አልኩት።